ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ጥምጥም የካህኑ፣ የደብተራውና የመሪጌታው መለያ ነው። ነጩን ሻሽ አሳምሮ ለመጠምጠም ግፋ ቢል የጥቂት ቀን ልምምድ ይበቃል፤ ጥምጥሙ የሚጠይቀው ዕውቀት ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው አነጋገር ከቤተ ክህነት ሰፈር መምጣቱን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ ዛሬ ግን ሙያውን ሳይዝ ማዕረጉን ለሚሻ ሁሉ ይነገራል።

የአማርኛ መምህር እንደመሆኔ አነጋገሩን የማስታውሰው ድርሰት በማርምበት ጊዜ ነው። በየክፍሉ የተለመደው ርእስ በሰሌዳ ላይ ጽፎ «አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ» ማለት ስለሆነ፣ አንድ ልቦለድ እንኳ አንብቦ ያልጨረሰ ተማሪ «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይደርቃል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን ሳይማር ጠምጥም ያልነው የእኛ ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ተማሪው ወደዚያ የሚገባው ፊደል ለይቶ፣ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ንባቡን ካደላደለ በኋላ ነው። ከገባም በኋላ መምህሩ የሚዘርፉትን (ከራሳቸው አፍልቀው የሚናገሩትን) ቅኔ እየሰማና ምሥጢሩን እየመረመረ፣ በሁለት ቤቷ (በሁለት ስንኟ) ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም ይገጥማል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ እንዲህ እያለ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። እንግዲህ በአነጋገሩ ውስጥ ያለው «መማር» ቁጭ ብሎ ማዳመጥን ብቻ አይመለከትም፤ የሰሙትን መሞከርና በሰው ፊት መታረምም አለበት። (ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ በጎጃም ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ።)

እኔም ይህንኑ ወደ ክፍል ለማምጣት እሞክራለሁ። ከአጭር ልቦለድ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለን ካነበብን በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር እንነጥላለን፤ ለምሳሌ «ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን አዘገሙ» የሚል ቢሆን፣ «አዘገሙ»ን አውጥተው «ሄዱ»ን እንዲተኩ፣ ቀጥሎም «ገሰገሱ»ን እንዲሞክሩ አዛለሁ። በ«ሄዱ» ጊዜ ብዙም የሚናገር አይኖርም። «ገሰገሱ» ሲባል ግን ከኋላ ወንበር አንዱ «ታዲያ ከዘራው ለምን አስፈለጋቸው?» ይላል። ባዶ ወረቀት የማድለው ከዚህ በኋላ ነው።