የክር ጥብቀት ምንድን ነው?

በጅማ የሐበሻ ቀሚስና የጀለቢያ ጥልፍ በሚሠራባቸው ሱቆች ክር በተበጠሰ፣ ስፌት በዘለለ ወይም ከጨርቁ ሥር ክር በተከመረ ቁጥር «ቴንሽኑ ተበላሽቷል» ይባልና ወዲያው ብሎን መፍታት ይጀመራል። ሆኖም ቴንሽን ወይም የክር ጥብቀት የሚባለው የላይኛው ክርና የቦቢኑ (ከጨርቁ ሥር ያለችው ትንሽ ማጠንጠኛ) ክር ጨርቁ ላይ ሲቆላለፉ እርስ በርስ የሚጓተቱበት የኃይል ሚዛን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ከሥር ከተዝረከረከ ቦቢኑን አላሉት» የሚለው ምክር ነው። ይህን የሚመክር ሰው ገመድ የሚጓተቱ ሁለት ሰዎችን ያስብ፤ አንዱ በድንገት ሲለቅ ገመዱ የሚከመረው አጥብቆ በያዘው እግር ሥር ነው። ከጨርቁ ሥር የሚከመረውም ከላይ የሚይዘው አጥቶ የወረደ የላይኛው ክር ነው፤ ቀለሙን ማየት ብቻ ይበቃል። ያልለቀቀውን ወገን ማላላት የለቀቀውን አይመልሰውም። ጨርቁ በፍሬሙ ላይ በደንብ ካልተወጠረ ደግሞ ተጓታቾቹ የቆሙበት መሬት ራሱ ስለሚንሸራተት፣ የሁለቱም ጉልበት ልክ ቢሆን እንኳ ስፌቱ አይስተካከልም።

የላይኛው ክር የሚለቀው ብዙውን ጊዜ ክሩን ጨምቀው በሚይዙት ሁለት ክብ ብረቶች መካከል ስላልገባ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀሰው ክር ሳቢ ክንድ ስለወጣ ነው። በአብዛኞቹ የቤት ማሽኖች ብረቶቹ የሚላቀቁት ጨርቁን የሚጫነው የማሽኑ እግር ሲነሳ በመሆኑ፣ እግሩን ሳያነሳ ክር ያስገባ ሰው ክሩን ከብረቶቹ ውጭ ትቶ ብሎን ሲያዞር ይውላል።

«ጥብቀቱ ልክ ከሆነ የላይኛው ክር ከሥር አይታይም» የሚሉም አሉ። ይህ ለተራ ልብስ ስፌት እውነት ነው፤ በጥልፍ ግን ስሕተት ነው። በሳቲን ስፌት (ክሩ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ በሚሞላበት ጥልፍ) ጀርባ የቦቢኑ ክር መሃሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ሲይዝ፣ ግራና ቀኙን የላይኛው ክር ሊይዘው ይገባል፤ የቦቢኑ ነጭ ክር በፊት በኩል ብቅ እንዳይል የታችኛው ወገን በጥቂቱ እንዲያሸንፍ ሆን ተብሎ ይደረጋል።

መበጠስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመርፌ ጉዳይ ነው። ለተለመደው ባለ 40 ቁጥር ውፍረት የጥልፍ ክር 75/11 የሚል መጠን ያለው መርፌ ሲስማማ፣ ወርቅማው የሚያብረቀርቅ ክር ወፈር ያለ 90/14 መርፌና ዝግ ያለ ፍጥነት ይፈልጋል። ሬዮን የሚባለው ሐር መሰል የጥልፍ ክር እርጥበት ሲጠጣ ጥንካሬው ስለሚቀንስ፣ በጅማ ክረምት መደርደሪያ ላይ ተገልጦ ሊያድር አይገባም።

ቦቢኑን መንካት የግድ ሲሆን፣ ከቦቢኑ ቤት (ቦቢኑ ከሚገባበት መያዣ) ስስ ብረት ሥር የተጠራቀመው ብናኝ አስቀድሞ ይጸዳል። ከዚያ ቤቱን በክሩ አንጠልጥሎ በቀስታ ሲነቀንቁት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከቆመ ጥብቀቱ ደህና ነው። ይህ ፍተሻ የሚያገለግለው ተነቅሎ ለሚወጣ የብረት ቤት ብቻ ሲሆን፣ ቦቢኑ ከላይ በሚገባባቸው ማሽኖች ላይ ግን አይሠራም።