ጭስ ማጠብ ምንድን ነው?

መብራት ሲጠፋ ክብሪት ጭራችሁ ታውቃላችሁ። ያቺ አፍንጫ የምትሰነፍጥ ሽታ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ናት። ክብሪቱ ጫፍ ላይ ያለው ድኝ ሲነድ ትወጣለች።

የክብሪቷ ለአመል ያህል ናት። ድንጋይ ከሰልና ጥቁር ናፍጣም ግን ድኝ አላቸው። አንድ ትልቅ የከሰል ኃይል ማመንጫ በቀን ብዙ ሺህ ቶን ከሰል ያነዳል፤ የስንት ክብሪት እንደሚሆን አስቡት። ጋዙ ሳንባ ያስቆጣል። ደመና ውስጥ ሲገባ ደግሞ አሲድ ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1952 ለንደንን 5 ቀን የሸፈነው የከሰል ጭስ፣ ያኔ በተሠራው ግምት እንኳ 4,000 ያህል ሰው ገድሏል።

ጭስ ማጠብ ማለት እንግዲህ ይህን ጋዝ ሰማይ ሳይደርስ ማስቀረት ነው። የኩላሊት እጥበት እንደምንለው። ሳሙናው ግን ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይ።

ለምን ድንጋይ? ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የዘጌ ሎሚ ይበቃል። ጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ ላይ ጨመቅሁበት። ምንም። ከዓባይ በረሃ የመጣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ቁራጭ ነበረኝ፤ እሱን ፋቅ ፋቅ አድርጌ ጠብ አደረግሁበት። ሽሽሽ ብሎ አረፋ አወጣ። (ሰው እያየ ድንጋይ ላይ ሎሚ መጭመቅ ትንሽ ያሳፍራል።) ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሎሚ ምንም አያደርገውም። የኖራው ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲነካው እሱም ያልቃል፣ አሲዱም ይሞታል።

ፋብሪካ ውስጥ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ቀጠን ያለ የእንጀራ ሊጥ አስቡ። ረጅም ማማ ውስጥ ጭሱ ከታች ይገባል፣ ብጥብጡ ከላይ እንደ ሻወር ይወርድበታል። ጋዙ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሆናል፤ ዱቄቱ ይይዘዋል። ከዚያ ከሥር አየር ይነፋበትና ጂፕሰም ይሆናል። ጂፕሰም የጄሶ ጥሬው ነው። አዎ፣ የተሰበረ እጅ የሚታሰርበት፣ ኮርኒስ የሚሠራበት። ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይጠነክርም ይጨመርበታል። እንጀራ ውስጥ ስለሚጨምሩት ሰዎች ዛሬ አናንሳ። በደንብ የተሠራ ማማ ከጋዙ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያስቀራል።

«ጭሱ ጸዳ» ሲባል ግን ቆሻሻው የጠፋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምንም አልጠፋም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። 64 ኪሎ ጋዝ ለመያዝ 100 ኪሎ ድንጋይ ያልቃል። ውሃውና አየሩ ተጨምረውበት 172 ኪሎ ጂፕሰም ይቀራል፣ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሎሚው ላይ ያየሁት አረፋ እሱው ነው።

እጣቢም አለ። የለንደኑ ባተርሲ ማመንጫ በ1930ዎቹ ጭሱን የሚያጥበው በቴምስ ወንዝ ውሃ ነበር። እጣቢውን የሚመልሰውም እዚያው ወንዝ ውስጥ። ሐይቅ ዳር ለሚኖር እንደኔ ላለ ሰው ከማማው በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ዛሬ ውሃው ተመልሶ ይሠራበታል፤ የሚወገደው ከከሰሉ የመጣ እንደ ሜርኩሪ ያለ ነገር ስለሚኖረው መጣራት አለበት።

እኛ ጋ መብራቱ ከውሃ ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ከዚሁ ከሐይቁ ውሃ ነው። ከሰል በብዛት የሚያነዱት ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው። እነሱ ጋ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ራሱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ከጋዙ ብዙውን ምድጃው ውስጥ ይይዘዋል።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ከደጀን ቁልቁል ገደሉን እዩት። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከእሱ ሥር ጂፕሰም። ያንን ጂፕሰም ግን የትኛውም ማማ አልሠራውም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ውሃ ተንኖ የተወው ነው።