ቆሻሻን ከምንጩ (እዛው ቤታችን) መለየት ምንድን ነው? (ግንዛቤ እንዳትሉኝ ብቻ)

ሰሞኑን ደሞ አንዱ «የባሕር ዳር ሰው ቆሻሻ የማይለየው ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ብሎ ጻፈ፣ ከስሩ ሁሉም አዎ አዎ ይላል። ኧረ በናታችሁ!

ወንድሜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሂድና አንዱ ግቢ ግባ። በሩ ጥግ ማዳበሪያ ተሰቅሏል፣ ውስጡ ባዶ ሃይላንድ፣ ምናልባት አንድ ሰባራ ጀሪካን። ማን አሰልጥኗቸው ነው? ቆራሌው ይመጣል፣ ይገዛል ወይ በልዋጭ ይወስዳል፣ አለቀ። እዛው ግቢ ፌስታሉ ከሽንኩርት ልጣጭና ከተረፈ ወጥ ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል፣ ምክንያቱም ፌስታል አለ ወይ ብሎ በር የሚያንኳኳ የለም። ያው ሰው፣ ያው ግንዛቤ። ጣና ዳር ደንገሉ ላይ ተጠላልፎ የምታየውም ያው ፌስታል ነው።

መለየት የሚጀምረው ከተቀባዩ ነው። ወፍጮ ቤት አስቡ። ለቅማችሁ የወሰዳችሁትን ስንዴ ባለወፍጮው ካልተለቀመ የጎረቤት እህል ጋር አንድ ላይ ቢደፋው በሚቀጥለው ማን ቁጭ ብሎ ይለቅማል? ለይተህ ያወጣኸው ጋሪው ላይ ሲደባለቅ ያየህ ቀን ያው ነው። ደሞ በርበሬ በእህል ወፍጮ አይፈጭም፣ ፕላስቲክም እንደዛው፣ ሃይላንዱ ፔት የሚባል ፕላስቲክ ነው ክዳኑ ሌላ ፕላስቲክ ነው (ውሃ ውስጥ ፔቱ ይሰምጣል ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ፋብሪካም በዚሁ ይለያል)፣ ፒቪሲ (የቧንቧው ፕላስቲክ) ትንሽ ከገባበት ግን ጤፍ ውስጥ እንደገባ በርበሬ ነው፣ ሙሉውን ያበላሸዋል። ፌስታል ደግሞ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል።

«ሕግ አለ እኮ» ለምትሉ፣ አዎ፣ አዋጅ 513/1999 ቤተሰብ ለይቶ ወደተመደበው መሰብሰቢያ ይውሰድ ብሎ ነበር። መሰብሰቢያ የምትለዋን ግን ሁሌ ዘላችኋት ነው የምታነቡት።

ፕላስቲክ መልሶ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ ማለት ደሞ ሰው በማግስቱ ይለያል ማለት አይደለም። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ ያገለገለውን የሚፈልግ ይጠፋል፣ ቆራሌው ይቀራል፣ ማዳበሪያውም ከበሩ ይነሳል። ጠርሙሱ አዲስ አበባ ይጫን ብትሉ ደሞ ከዚህ 500 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ያልተጨመቀ ጠርሙስ የጫነ መኪና አየር ነው የሚያመላልሰው፣ ስለዚህ እዚሁ መጭመቂያ መኖሩ ብቻ ቆራሌው የሚከፍለውን ይለውጠዋል።

ወረቀትና ካርቶንማ ወጥ ከነካው ማንም አይገዛህም። የቤታችን ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትራፊና ልጣጭ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት ያለበት እርጥቡ ነው፣ ስለ ጠርሙስ ስንጨቃጨቅ እሱ ይረሳል። ግንዛቤ ማስጨበጫ ልታዘጋጁ ከሆነ እርጥቡን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚወስደው ንገሩን፣ ባልዲውን እኛ እንገዛለን።