መድኃኒት የተላመደ ስታፊሎኮከስን ለመለየት የሚደረግ የአፍንጫ ናሙና ምርመራ

የአፍንጫ ናሙና ምርመራ፣ ሜቲሲሊንንና ተዛማጅ አንቲባዮቲኮችን የተላመደው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (በተለምዶ ኤምአርኤስኤ የሚባለው) በሆስፒታል ሕሙማን አፍንጫ ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚታወቅበት ዘዴ ነው። የሚፈለገው የታመመውን ሳይሆን፣ ምንም ምልክት ሳይታይበት ባክቴሪያውን የሚሸከመውን ሰው ነው። ከሦስት ጤናማ ሰዎች አንዱ ገደማ ተራውን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በአፍንጫው ይዞ ይኖራል። ይህ መሸከም በራሱ ጉዳት የለውም፤ ቆዳ በቀዶ ሕክምና ሲከፈት ወይም ቱቦ ወደ ደም ሥር ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በጀርመን የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ባክቴሪያው በደማቸውም በአፍንጫቸውም ከተገኘባቸው ሕሙማን ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዝርያ ነበሩ።

ናሙናው የሚወሰደው ጫፉ በጥጥ መሰል ነገር በተጠቀለለ ቀጭን ዘንግ ነው። ባለሙያው ዘንጉን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስገብቶ የአፍንጫውን ግድግዳ እያስነካ ደጋግሞ ያዞረዋል፤ በዚያው ዘንግ ሁለተኛውንም ቀዳዳ ይደግማል። ባክቴሪያው የሚኖረው ከፊት ስለሆነ ለቫይረስ ምርመራ እንደሚደረገው ወደ ውስጥ መዝለቅ አያስፈልግም። ሆኖም አፍንጫ ብቻውን ሁሉንም ተሸካሚ ስለማያሳይ፣ ብዙ ሆስፒታሎች ከጉሮሮ፣ ከብሽሽትና ከቁስልም ናሙና ይጨምራሉ።

በላቦራቶሪ ውስጥ ናሙናው ኤምአርኤስኤን በተለየ ቀለም በሚያሳይ ማብቀያ ላይ ይዘራና ውጤቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ይነበባል። የበቀለው ባክቴሪያ ሴፎክሲቲን በያዘች ትንሽ ክብ ወረቀት ይፈተናል፤ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ካልደረሰ ዝርያው መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። የዘረመል ምርመራው ፒሲአር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን የመላመድን ባሕርይ የሚያመጣው ሜክ-ኤ የተባለው ዘረመል ከጠፋ በኋላ የቀረውን ቅሪት አይቶ በስሕተት «አለ» ሊል ይችላል። በትዕግሥት የሚሠራው የካልቸር (ባክቴሪያውን የማብቀል) ምርመራ ዛሬም ክብሩን ያልለቀቀው ስለዚህ ነው።

ሜቲሲሊን በ1959 ለአገልግሎት በቃ፤ በ1961 የተላመዱት ዝርያዎች በእንግሊዝ ተመዘገቡ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት ችግሩ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ተስፋፋ። ኔዘርላንድስና ዴንማርክ ግን ተሸካሚውን ፈልጎ፣ ለይቶና አጽድቶ የማጥፋትን ስልት በጽናት በመከተላቸው የሥርጭት መጠናቸውን እጅግ ዝቅተኛ አድርገው ቆይተዋል።

በሰፊው የተመዘገበው የእንግሊዝ ተሞክሮ ነው። በ2001 ሆስፒታሎች በደም ውስጥ የተገኘውን ኤምአርኤስኤ ሁሉ እንዲያሳውቁ ግዴታ ተጣለ፤ በ2004 መንግሥት ቁጥሩ በ2008 በግማሽ እንዲቀንስ ግብ አስቀመጠ። በቀጠሮ የሚገቡ ሕሙማን ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ፣ በድንገት የሚገቡት ደግሞ ቢዘገይ ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ እንዲመረመሩ ታዘዘ። የደም ኢንፌክሽኑ በእርግጥ በብዙ እጥፍ ቀነሰ፤ ይሁን እንጂ ቅነሳው የጀመረው አጠቃላይ ምርመራው ከመታዘዙ በፊት ስለነበር ምስጋናውን የእጅ ንጽሕናና የቱቦ አያያዝም ይጋሩታል። በ2014 መመሪያው ተለውጦ ምርመራው ከፍተኛ ተጋላጭነት ባላቸው ሕሙማን ላይ እንዲያተኩር ተደረገ።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በ2007 ምርመራን፣ ለይቶ ማቆየትንና የእጅ ንጽሕናን አጣምረው በመጀመራቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በኤምአርኤስኤ የሚመጣው ኢንፌክሽን እስከ 2010 አጋማሽ በ62 በመቶ ወረደ። በሌላ በኩል በ2013 የታተመ፣ 43 ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሕመምተኞችን ሁሉ ሳይመረምሩ ሙፒሮሲን በተባለ የአፍንጫ አንቲባዮቲክ ቅባትና ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ የቆዳ ማጽጃ ማጽዳት፣ መርምሮ ከመለየት የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ሁሉንም ማከም ግን ለሙፒሮሲን መላመድ በር ሊከፍት እንደሚችል ይታመናል፤ ማን ተሸካሚ እንደሆነ ለይቶ የሚያክም ሆስፒታል ቅባቱን ለሚያስፈልገው ብቻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀናት ይሰጣል።

ምርመራው በቅርብ ዓመታት ሌላ ጥቅምም አግኝቷል። የሳንባ ምች የያዘው ሕመምተኛ የአፍንጫ ናሙና ከኤምአርኤስኤ ነጻ ሆኖ ከተገኘ፣ በሽታው በዚህ ባክቴሪያ የመጣ የመሆኑ ዕድል በጣም አነስተኛ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ለኤምአርኤስኤ የሚሰጠውንና ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለውን ቫንኮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ማቋረጥ ይችላል።