መምህሩ ሲናገር፦ በኦንላይን ኮርስ የድምፅ ግብረ መልስ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር በኦንላይን የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ ሥራም ይዟል። ደባርቅ ወይም መተማ ተመድቦ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። መምህሩን በአካል የሚያገኘው እምብዛም ነው። አምሽቶ የሠራውን አሳይመንት ይልካል፤ ከቀናት በኋላ ማርኩና “ጥሩ ነው፣ ትንታኔው ይሻሻል” የሚል አንድ መስመር ይደርሰዋል። የትኛው ትንታኔ? በምን ይሻሻል? መምህሩ ያውቀዋል፤ ተማሪው ግን እንደ ጨለመበት ይቀራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

መምህሩ አሳይመንቱን አንብቦ አስተያየቱን በስልኩ ወይም በሙድል (በኦንላይን ማስተማሪያው ሥርዓት) ላይ በድምፁ ቀርጾ ቢልክለት ብዙው ነገር ይቃለላል። ሐሳቡ ሲነሣ ግን አንዱ ከልክ በላይ ይፈራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ተስፋ ያደርጋል።

“ቁም ነገር በጽሑፍ ነው፤ በድምፅ ማረም የስንፍና ነው”

ይህን ማንም ቢል ጎንደሬ ሊለው አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ሰምተው በቃል ያርሙታል። በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማረውም ስሕተቱ የሚታረምለት በጆሮ ነው። ያንን ትምህርት ቀላል ነው የሚል የለም።

ድምፅ የሚያመጣውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በጤና ጥናት ፕሮፖዛሎች ላይ የናሙና መጠኑ፣ ማለትም በጥናቱ የሚካተቱት ሰዎች ቁጥር፣ 384 ሆኖ ደጋግሞ ይመጣል። በጽሑፍ “የናሙና መጠኑ ምክንያት ይሰጠው” ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ተማሪው ግን ቀመሩን እንደገና ገልብጦ ይመልሰዋል። በድምፅ ሲሆን እንዲህ ማለት ይቻላል፦ “384 የሚወጣው ስርጭቱን፣ ማለትም ችግሩ ያለባቸውን ሰዎች ድርሻ፣ 50 በመቶ ብለን ስንገምት፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ፣ የስሕተት ህዳጉን 5 በመቶ ስናደርግ ነው። 50 በመቶ የምንለው ቀደም ያለ መረጃ ሲታጣ ነው። አንተ ግን ገጽ 6 ላይ ስርጭቱን 20 በመቶ ያገኘ ጥናት ጠቅሰሃል፤ በእሱ ብትሄድ 246 ይመጣል። ከሁለቱ የትኛውን ትመርጣለህ? ለምን?” ይህን ለመናገር ከአንድ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ተማሪውም ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን መምህሩ እንዴት እንደሚያስብ ይሰማል። የትኛው ነገር ከባድ፣ የትኛው ቀላል እንደሆነም ከአነጋገሩ ይለየዋል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የየኔታ ተማሪ እዚያው ይጠይቃል፤ የተቀረጸ ድምፅ ግን አይጠየቅም። ስለዚህ ቅጂው በጥያቄ ይጠናቀቅ፣ ተማሪውም በቮይስ ወይም በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠየቅ። መልስ የማይጠየቅበት ድምፅ ተሰምቶ የሚረሳ ነው።

“ጊዜ ይቆጥባል”

ሁልጊዜ አይደለም። በፈረንጆቹ 2008 እና 2009 በእንግሊዝ ሊድስ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ “ሳውንድስ ጉድ” በተባለ ፕሮጀክት መምህራን የድምፅ ግብረ መልስን ሞክረውት ነበር። ጊዜ ያተረፈላቸው መሣሪያውን የለመዱት፣ ሲጽፉ የሚዘገዩት ግን ሲናገሩ የሚፈጥኑት፣ ብዙ አስተያየት የሚሰጡትም ነበሩ። ሁለት መስመር ብቻ ይጽፍ የነበረ መምህር በድምፅ ጊዜ አይቆጥብም፤ ምናልባት ይጨምርበታል።

አሳይመንቱን የማንበቡ ድካም እንዳለ ነው። ጊዜ የሚበላው ደግሞ “ተንተባተብኩ” ብሎ ደጋግሞ መቅረጽ ነው። ሦስት ነጥብ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንድ ጊዜ ተናገሩና ላኩት። ተማሪው የሚፈልገው እናንተን እንጂ የሬዲዮ ዜና አንባቢ አይደለም።

“ኔትወርኩ አይችለውም”

ይህ ፍርሃት ከእውነት ይነሣል፤ ስሌቱ ሲሠራ ግን ይቀላል። በ32 ኪሎቢት በሰከንድ የተጨመቀ የንግግር ድምፅ በደቂቃ 240 ኪሎባይት ያህል ነው። የሦስት ደቂቃ አስተያየት አንድ ሜጋባይት አይሞላም። አንዴ ከወረደ በኋላ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ስልኩ ላይ ይሰማል።

ችግሩ የሚመጣው ከፋይሉ ዓይነት ነው። ያልተጨመቀ ዌቭ ፋይል በስቴሪዮ ሲቀረጽ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ያው የሦስት ደቂቃ ንግግር 30 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። የዚያን የዳታ ወጪ የሚከፍለው ተማሪው ነው። የቴሌግራም ቮይስ ራሱ ጨምቆ ይልካል። የስልኩን መቅረጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ቅንብሩን አንዴ እዩት።

“ስቱዲዮና ጥሩ ማይክ ያስፈልጋል”

የኢርፎን ማይክ ይበቃል። መስኮት ዝጉ፣ የባጃጅ ድምፅ ከበዛበት መንገድ ራቁ።

“ተማሪዎች ከወደዱት ተምረውበታል”

በፈረንጆቹ 2007 የታተመ የተመራማሪው ፊል አይስና የባልደረቦቹ ጥናት ብዙ ይጠቀሳል። ተማሪዎቹ የድምፅ አስተያየቱን በጣም ወደውታል፤ መምህሩ ይበልጥ እንደሚያስብላቸውም ተሰምቷቸዋል። በድምፅ አስተያየት የተሰጠበትን ይዘት በሥራቸው ላይ የማዋል ዕድላቸውም በጽሑፍ ከተሰጠበት በሦስት እጥፍ በልጧል። ደስ የሚል ውጤት ነው። ሆኖም በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነውና ለእኛ ማረጋገጫ አድርጌ አልወስደውም። የእናንተ ተማሪ መማሩን የምታውቁት ሁለተኛውን ረቂቅ ከመጀመሪያው ጋር ስታስተያዩ ነው። ስለዚህ ድምፁ ማርኩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ማሻሻል በሚቻልበት ጊዜ ይድረስ።

“ድምፅ ካለ ጽሑፍ አያስፈልግም”

መስማት የተሳነው ተማሪ በድምፅ ብቻ ከተተወ ከትምህርቱ ተገለለ ማለት ነው፤ ሙሉ ጽሑፉ የግድ ሊሰጠው ይገባል። ማየት ለተሳነው ደግሞ ድምፁ ትልቅ እገዛ ነው። ለሌላውም ቢሆን የገጽ ቁጥር፣ የማጣቀሻ ስሕተትና የፊደል ግድፈት በጽሑፍ ይሰጠው፤ 12 ደቂቃ ድምፅ ውስጥ አንድ የገጽ ቁጥር መፈለግ ተማሪን ያማርራል። የሙድል ድምፅ መቅረጫ ካልተቀየረ በስተቀር በሁለት ደቂቃ ያቆማል፤ ይህን ገደብ እወደዋለሁ፣ ዋናውን ነገር እንድንመርጥ ያስገድዳል።

“በአማርኛ ብናገር ለሁሉም ይቀላል”

ጎንደር ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የመጡ ተማሪዎች አሏት፤ አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ብዙዎች ናቸው። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ድምፁም በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ረጋ ተብሎም ይነገር። አማርኛ የሚመርጥ ካለ ጠይቁት። ተማሪው በዕድሜም በሥራ ልምድም ከመምህሩ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ “አንተ” ሳይሆን “እርስዎ” ብሎ መጀመር ተገቢ ነው።

“ለክፍሉ ግሩፕ ብልከው ሌላውም ይማርበታል”

የጋራ ስሕተት ካለ ስም ሳይነሣ ለሁሉም አንድ ቅጂ ይዘጋጅ። የአንድ ተማሪ ሥራ ላይ የተሰጠ አስተያየት ግን ለእሱ ብቻ ነው። “ላክ” የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የተቀባዩን ስም እዩ።