ሺንዞ አቤ ወይስ አቤ ሺንዞ? የጃፓኖች ስም ቅደም ተከተል ነገር ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈውን ጀግናችንን ፈረንጆቹ «ቢቂላ» ነው የሚሉት። አባቱን እየጠሩ ማለት ነው። ጃፓኖች ግን ያኔም ዛሬም «አበበ» ይሉታል። እኛስ? በዚያው ውድድር 3ኛ የወጣውን ጃፓናዊ «ኮኪቺ ፁቡራያ» እያልን እንጽፋለን። አገሩ ላይ ግን ፁቡራያ ኮኪቺ ነው። ፁቡራያ የቤተሰቡ ስም ነው፤ ኮኪቺ የራሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃፓንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይገለበጣል። የገለበጡት ደግሞ ፈረንጆች ብቻ አይደሉም። በሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) ፊታቸውን ወደ አውሮፓ ያዞሩት ጃፓኖች ራሳቸው ለምደውታል። ቻይናና ኮሪያ በዚህ አልሄዱም። ዢ ጂንፒንግን ማንም «ጂንፒንግ ዢ» አይላቸውም። ዢ የቤተሰብ ስማቸው ነው፤ እንደቀደመ ቀረ።

የጃፓኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሮ ኮኖ በ2019 ያነሱት ጥያቄም ይኸው ነበር። የውጭ መገናኛ ብዙኃን የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር «አቤ ሺንዞ» ብለው እንዲጽፉ ጠየቁ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ የአገሪቱ የቋንቋ ምክር ቤት በ2000 ይህንኑ መክሮ ሰሚ አጥቶ ነበር። በዚህኛው ዙር ግን መንግሥት ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ጀምሮ በራሱ የእንግሊዝኛ ሰነዶች ላይ የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ወሰነ።

ውሳኔው ግን ግለሰቡንና ጋዜጣውን አያስገድድም። ስለዚህ ሁለቱም አጻጻፍ ጎን ለጎን ይኖራል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፦ አንባቢው የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሆነ በምን ይወቅ? የጃፓን መንግሥት መላ አለው። የቤተሰቡን ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ የላቲን ፊደል ይጽፋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ለእኛ አይሠራም።

ታዲያ ጸሐፊው በምን ይወስን? ከሜጂ በፊት የኖሩትን መንካት አያስፈልግም። የጥንቱ ገዥ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ፣ የቤተሰብ ስሙ እንደቀደመ፣ እንዳለ ይጻፋል። የዘመናችን ሰው ከሆነ ራሱ በእንግሊዝኛ ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ማየት ነው። ሃሩኪ ሙራካሚ በእንግሊዝኛ መጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ሃሩኪ ሙራካሚ ነው፤ እኛ ምን አገባን? ደግሞ አንድ ጽሑፍ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ገልብጦ ሌላውን መተው አያምርም።

በአማርኛ ስንጽፍ ቅደም ተከተሉን ከእንግሊዝኛ ነው የወሰድነው። እኔ በዚህ ብዙም አልጨነቅም። «አቤ ሺንዞ» የሚል ርዕስ ባይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሰፈሬ አበበ ነው። የሚያሳስበኝ ሰውየውን በጽሑፉ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ስናነሳው የምንጠራበት ስም ነው። እኛ «አቶ» ብለን የምናስከትለው የመጀመሪያውን ስም ነው። በዚህ ልማድ «አቶ ሺንዞ» ስንል የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር እንደ ጓደኛ በራሳቸው ስም ጠራናቸው። «አቶ አቤ» ነው የሚባለው።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ናቸው። የቤተሰብ ስም የላቸውም፣ እንደ እኛው።