ስለ ግሎባላይዜሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግሎባላይዜሽን፣ ማለትም የአገሮች በንግድና በገንዘብ መተሳሰር፣ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ይጦፋል። አንዱ «ድሃን አበላ» ይላል፤ ሌላው «ድሃን ዘረፈ»። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ትርፉ ማን ኪስ ገባ? ዕዳውስ ማን ላይ ወደቀ? (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኢንተርኔት ያመጣው ነገር ነው»

አይደለም። ከ1870 እስከ 1914 ድረስም ዓለም በእንፋሎት መርከብ፣ በባቡርና በቴሌግራፍ በንግድ ተሳስራ ነበር። ያንን ትስስር የአንደኛው የዓለም ጦርነት በጠሰው። ለዛሬው ንግድ ትልቁን በር የከፈተው ደግሞ ተራ የብረት ሳጥን ነው። በኤፕሪል 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭና ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ተጓዘች። ወዛደር ጆንያውንና በርሜሉን አንድ በአንድ በሚሸከምበት ጊዜ አንድ ቶን ለመጫን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ገደማ ይፈጅ ነበር። በኮንቴይነር ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ዕቃ ረከሰ። ብዙ ወዛደሮች ግን እንጀራቸውን አጡ።

«ድሃ አገሮችን ይበልጥ አደኸየ»

ቁጥሩ ይህን አይደግፍም። በዓለም ባንክ መለኪያ በ1990 ከዓለም ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በከፋ ድህነት ይኖር ነበር። በ2015 ከአሥር ሰው አንድ ገደማ ሆነ። ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቻይና ናት፤ ቬትናምም በዚያው መንገድ ሄዳለች። ሁለቱም ግን በራቸውን ወለል አድርገው አልከፈቱም። ፋብሪካ ሲያስገቡ፣ ገንዘብ እንዳሻው እንዲገባና እንዲወጣ አልፈቀዱም። ታይላንድ ፈቅዳ ነበር። በ1997 የውጭው ገንዘብ ባንዴ ሲሸሽ የአገሪቱ ገንዘብ ባህት ዋጋው ወደቀ፤ ቀውሱም ወደ ኢንዶኔዥያና ደቡብ ኮሪያ ተዛመተ።

«ፋብሪካው ክፉ ከሆነ መፍትሔው ዕቃውን አለመግዛት ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች ልባቸው ቅን ነው። ግን ራና ፕላዛን እናስታውስ። ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ አጠገብ የነበረ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን 2013 ሕንፃው ተሰነጠቀ። ታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ተዘጉ። ላይ ያሉት የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ገቡ። ጠዋት ላይ ሕንፃው ተደረመሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ።

እስቲ አስቡት። የባንኩ ሠራተኛ ቤቱ ሲውል፣ ልብስ ሰፊዋ ስንጥቁን እያወቀች ደረጃውን ወጣች። ሥራ ነበራት። ያልነበራት «አልገባም» የምትልበት አቅም ነው።

ከአደጋው በኋላ ብዙ የልብስ ብራንዶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት ፈረሙ። ከሺህ በላይ ፋብሪካዎች ተፈተሹ። ይህ የመጣው ልብሱን የሚገዛው ብራንድ እዚያው ሆኖ ስለተገደደ ነው። ጥሎ ቢሄድ ኖሮ ሰፊዋ ሥራዋንም ታጣው ነበር።

«አገር ካተረፈ ሁሉም አተረፈ»

ትርፉ ለሚሊዮኖች ጥቂት ጥቂት ይዳረሳል፤ ኪሳራው አንድ ከተማ ላይ ይከመራል። ቻይና በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ስትቀላቀል የአሜሪካ ሸማች ርካሽ ዕቃ አገኘ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ዴቪድ ኦተርና ባልደረቦቹ እንደገመቱት ግን ከ1999 እስከ 2011 ባለው ጊዜ በቻይና ምርት ፉክክር አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ያላነሰ ሥራ ጠፍቷል። ሠራተኛው ሌላ ቦታ ሄዶ ሌላ ሥራ ይይዛል ተብሎ ነበር። ብዙው እዚያው ቀረ። ዕድሜውን የቤት ዕቃ ሲሠራ የኖረን ሰው ርካሽ ቴሌቪዥን አይክሰውም።

«ቀረጡን የሚከፍለው የውጭ አገር ሻጭ ነው»

በአብዛኛው ገዢው ነው። በ2018 አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ቀረጥ ጣለች። ዋጋቸው 12 በመቶ ገደማ ጨመረ። ማድረቂያው ላይ ቀረጥ አልተጣለም፤ ሁለቱ አብረው ስለሚሸጡ ግን የእሱም ዋጋ አብሮ ወጣ። 1,800 ገደማ ሥራ እንደተፈጠረ ተገምቷል። ለእያንዳንዱ ሥራ ሸማቾች በዓመት ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ከፍለዋል።